ስትጠየቅ ኃላፊ፣ ሲከፈላት ሠራተኛ፦ ለአንዲት የሱፐርማርኬት ሱፐርቫይዘር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሱፐርማርኬት ሱፐርቫይዘር ነኝ። ከተቀጠርኩ 4 ዓመት ከ5 ወር ሆኖኛል። በካሸርነት ጀምሬ ሱፐርቫይዘር ከሆንኩ 2 ዓመት አልፏል። በሥሬ 11 ሰው አለ፤ ካሸሮች፣ ሼልፍ የሚሞሉ፣ አትክልት የሚመዝኑ። ያልተጣራ ደመወዜ 9,500 ብር ነው። ባለፈው ወር ከሌላ ቦታ የመጣ ሱፐርቫይዘር በ12,000 ብር ተቀጠረ፤ ሥራውን የማሳየው እኔ ነኝ። ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ሒሳብ አስረክቤ እስክወጣ ያለው ሰዓት አይቆጠርልኝም፤ ‹አንቺ ኃላፊ ነሽ፣ ኦቨርታይም የሠራተኛ ነው› ይሉኛል። ካሸር ሲጎድልባት ደግሞ ከእኔም ይቆረጣል። ሥራ አስኪያጁን ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቱንም ጊዜ ‹እናያለን› አለኝ። ልልቀቅ ወይስ ልታገሥ?»

ምላሽ፦

ከመልቀቅና ከመታገሥ በፊት መልስ የሚፈልገው «አንቺ ኃላፊ ነሽ» የተባሉት ነገር ነው። ሌላው ጥያቄዎ ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። የሱቅ ሱፐርቫይዘር ሁለት ካባ ለብሶ ይውላል። ገንዘብ ሲጎድል ኃላፊ ነው፣ ሰዓት ሲቆጠር ኃላፊ ነው፤ የደመወዝ መደብ ሲወጣ ግን ከካሸር ትንሽ ከፍ ያለ ሠራተኛ ይሆናል። ድርጅቱ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ሊይዝ አይችልም። እንግዲህ የቱ እንደሆኑ እንለይ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የሥራ መሪ»ን ከተፈጻሚነቱ ውጭ ያደርጋል። የሥራ መሪ የሚለውም የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛን የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን ያለውን ሰው ነው፤ በአመራር ጉዳይ ላይ በራሱ ሚዛን የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ ባለሙያም እዚህ ውስጥ ይገባል። ደረትዎ ላይ የተለጠፈው ስም ጉዳዩን አይወስንም። ክርክር ሲነሳ የሚመረመረው በተግባር የሚሠሩት ሥራ ነው። ስለዚህ ራስዎን ይጠይቁ፦ ሰው ሲቀጠር ደብዳቤው ላይ የሚፈርመው ማን ነው? ማስጠንቀቂያ የሚጽፈውስ? ካሸር ብታጠፋ እርስዎ ማገድ ይችላሉ ወይስ ለሥራ አስኪያጁ ነው የሚነግሩት?

እንዳያልፉት የምመክረው አንድ ቃል አለ፤ «መመደብ» የሚለው። የአሠሪ ጠበቃ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። «የፈረቃ ፕሮግራም የምታወጣው እሷ አይደለችም እንዴ?» ይላል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የሳምንት ፕሮግራም እርስዎ ረቂቁን አዘጋጅተው ሥራ አስኪያጁ የሚፈርምበት ከሆነ፣ ፊርማው ያለበትን ወረቀት ግልባጭ ይያዙ። የሁለትና የሦስት ወር ፕሮግራም በእጅዎ ካለ መልሱ እሱ ራሱ ነው። በነገሩኝ ልክ ከሆነ እርስዎ ሠራተኛ ነዎት። 11 ሰው ማስተባበር፣ ሒሳብ መረከብ፣ አዲስ ሰው ማለማመድ የሥራ መሪ አያደርግም። በተቃራኒው በእርግጥም የሚቀጥሩና የሚያሰናብቱ ሆነው ከተገኙ የሚገዛዎት ውልዎና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፤ ከዚህ በታች ስለ ኦቨርታይም የምለው አይመለከትዎትም፣ የሚቀርዎት ድርድር ነው።

የማታው 45 ደቂቃ

አዋጁ መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆመዋል። ለምሳሌ ከቀኑ 6 ሰዓት ገብተው፣ የአንድ ሰዓት የምግብ ዕረፍት ወስደው፣ ሱቁ ምሽት 3 ሰዓት ሲዘጋ 8 ሰዓትዎ ሞልቷል። ከዚያ በኋላ ካዝና መቁጠር፣ የዜድ ሪፖርት (የቀኑን ሽያጭ ድምር የሚያሳየውን የማሽን ወረቀት) ማውጣት፣ ፍሪጅ መፈተሽ፣ በር ማስቆለፍ ሥራ ነው። ክፍያው በሰዓት ደመወዝዎ ላይ ተባዝቶ ይመጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ያለው 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ያለው 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን የትርፍ ሰዓት ከሆነ 2.5 ነው። በበዓል ቀን መደበኛ 8 ሰዓትዎን ብቻ ከሠሩ ደግሞ ሰዓቱ በ2 ይባዛል። ይህን ልዩነት ደመወዝ ሠሪዎችም ሲያምታቱት ይታያል።

በእርስዎ ደመወዝ እንሥራው። በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይሆናል። 9,500 ለ208 ሲካፈል ሰዓቱ 45.67 ብር ነው። የማታ ፈረቃ በወር 13 ቀን ቢደርስዎትና በየማታው 45 ደቂቃ ቢያመሹ 9.75 ሰዓት ይሆናል፤ በ1.5 ሲባዛ 668 ብር ግድም። የወሩ ቆጠራ ሌሊት እስከ 6 ሰዓት ካስቆየዎት፣ የመጀመሪያዋ ሰዓት በ1.5 68.51 ብር፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ በ1.75 159.86 ብር፣ በድምሩ 228 ብር ይጨመራል። እነዚህ ብቻ በወር ወደ 900 ብር ይጠጋሉ። አንዳንድ ቦታ ለ208 በማካፈል ፋንታ 30 ቀን በ8 አባዝተው ለ240 ያካፍላሉ። ያኔ ሰዓትዎ 39.58 ብር ይሆናል፤ የዕረፍት ቀንዎን እንደ ሥራ ቀን ቆጥረው ሰዓቱን አረከሱት ማለት ነው። ሲከፈልዎት መጀመሪያ ይህን ይፈትሹ።

ይህ ጥያቄ የሚሰናከለው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትርፍ ሰዓት የሚባለው አሠሪው አዞ የተሠራው ነው። «ማን ቆዪ አለሽ?» ሲባል መልስ ያስፈልጋል። በቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ዛሬ ቆጠራ ስላለ ማንም እንዳይወጣ» ተብሎ የተጻፈው መልእክት ትእዛዝ ነው፤ አያጥፉት። የቃል ትእዛዝ ከሆነ ሲወጡ አንድ መስመር ይላኩ፦ «ሒሳብ አስረክቤ 3:45 ወጥቻለሁ፤ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው።» ክስ አይመስልም፣ የሥራ ሪፖርት ነው፤ ሰዓቱን ግን ይዟል። ሁለተኛው ጊዜ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የየወሩ ገንዘብ በየራሱ ቀን ይሞታል። እርስዎ የ2 ዓመት ሒሳብ በሆድዎ ይዘዋል፤ ሕጉ የሚሰማዎት የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ነው፣ በላይኛው ስሌት የማታው ብቻ 4,000 ብር አካባቢ። ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ መጻፍም ይርጋውን አያቆመውም። የሚያቆመው ጉዳዩ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ወይም የሥራ ክርክር ለሚያይ አካል ሲቀርብ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ሲያምን ነው። «እናያለን» በቃል የተባለ ስለሆነ ምንም አያቆምም።

ሦስተኛው ስህተት የትርፍ ሰዓቱን ጥያቄ ከደመወዝ ጭማሪው ጋር ባንድ ጊዜ ማቅረብ ነው። አንዱ የሚገባዎት ዕዳ ነው፣ ሌላው የሚደራደሩበት ነው። ሲቀላቀሉ ሥራ አስኪያጁ ዕዳውን የድርድር መቀነሻ ያደርገዋል፤ «ኦቨርታይሙን ተይው፣ ደመወዝሽን ትንሽ እናስተካክላለን» ይላል። በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ወረቀት ያቅርቧቸው። ቅሬታ በማቅረብዎ ወይም በመክሰስዎ ምክንያት ማሰናበትን አዋጁ ሕጋዊ ምክንያት አይደለም ብሎ በግልጽ ዘግቶታል፤ በሥራ ክርክር ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያም አይጠየቅም። ያም ሆኖ የ4,000 ብር ክስ ከመክፈትዎ በፊት ከዛሬ ጀምሮ ሰዓቱ እንዲመዘገብ ማስደረግ የበለጠ ገንዘብ ያመጣል ብዬ አምናለሁ። ክሱ የስድስት ወር ነው፣ ምዝገባው ግን እስከሠሩ ድረስ ይቀጥላል።

ጉድለት

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ ሱፐርቫይዘር የሚቃጠለው በዚህ ነውና።

ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቅድ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ይህም ቢሆን በጠቅላላው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም፤ ለእርስዎ 3,166 ብር ግድም ነው። እንግዲህ ከእርስዎ የሚቆረጠው በየትኛው መሠረት ነው? የሥራ ደንቡን ይጠይቁና ያንብቡ። «ሱፐርቫይዘር የካሸርን ጉድለት በጋራ ይከፍላል» የሚል አንቀጽ ከሌለ፣ ምናልባት እርስዎ አንድ ቀን የፈረሙት ወረቀት አለ። በችኮላ የተፈረመ «ጉድለቱን አምናለሁ» የሚል ቅጽ ነው ብዙ ጊዜ ጉድ የሚያደርገው። ከዛሬ በኋላ ሲቀርብልዎ «ቆጠራው ላይ ተገኝቻለሁ» ብለው ይፈርሙ። መገኘትና ማመን ይለያያሉ።

ፊርማው ጥሩ እንዲሆን ርክክቡ ጥሩ መሆን አለበት። ካሸሯ ፈረቃ ስትጨርስ መሳቢያውን ይዛ ወደ ቆጠራ ቦታ ትመጣለች፤ ጠዋት የተሰጣት የመልስ ዝርዝር ብር መጀመሪያ ይወጣና ለብቻው ይቀመጣል። እሷ ትቆጥራለች፣ ቁጥሯን ትጽፋለች፤ የማሽኑን ሪፖርት ከዚያ በኋላ ነው የምታየው። ቀድማ ካየችው የምትቆጥረው ለመድረስ ነው። ቀጥሎ እርስዎ ይቆጥራሉ። ጥሬ ገንዘቡ፣ በካርድ የተከፈለው፣ በቴሌብርና በባንክ ሞባይል የተላለፈው በየራሱ መስመር ይገባል። ልዩነት ካለ እዚያው ትፈርማለች፤ «ነገ እንተያያለን» የተባለ ጉድለት ነገ የእርስዎ ይሆናል።

ባሁኑ ጊዜ ለጉድለት ዋናው ቀዳዳ የስልክ ክፍያ ነው። ደንበኛው «ተልኳል» የሚል ምስል ያሳያል፣ ሰልፉ ረዝሟል፣ ካሸሯ አይታ ታሳልፋለች፤ ማታ ገንዘቡ የለም። ምስሉ የትናንት ሊሆን ይችላል፣ ለሌላ ሰው የተላከ ሊሆን ይችላል፣ ተሠርቶም ሊሆን ይችላል። መፍትሔው አንድ ነው፦ የሚታመነው ሱቁ ስልክ ወይም ሲስተም ላይ የገባው ማረጋገጫ እንጂ የደንበኛው ስክሪን አይደለም፤ የግብይት ቁጥሩም በሱቁ ቀሪ ደረሰኝ ጀርባ ይጻፋል። ለዚህ የሚሆን ስልክ በእያንዳንዱ ካሸር አጠገብ ከሌለ፣ አለመኖሩን በጽሑፍ ያሳውቁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጉድለት የካሸሯም የእርስዎም ጥፋት ነው ለማለት ይከብዳል።

ሌላው ቮይድ፣ ማለትም ማሽን ላይ የተመታን ዕቃ መሰረዝ ነው። የተመታ ዕቃ የሚሰረዘው በሱፐርቫይዘር ኮድ ነው፣ ሪፖርቱ ላይም የሚወጣው ያንኑ ኮድ የያዘው ሰው ስም ነው። ሥራ ሲበዛ ኮዳቸውን ለካሸር የሚነግሩ አሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ራሱ በእርስዎ ኮድ የሚሰርዝበት ጊዜም ይኖራል። አንድ ቀን ሪፖርቱ ሲወጣ 40 ቮይድ በእርስዎ ስም ተደርድሮ ይገኛል። ኮድዎን ዛሬ ያስቀይሩ፤ እያንዳንዱን የተሰረዘ ደረሰኝ ከጀርባው ሰዓቱንና ምክንያቱን ጽፈው ካሸሯን አስፈርመው ያስቀምጡ። «አልታመንም» የሚል ቅሬታ የሚወስደው ሰው የለም፤ በተለየ ኮድና በታሰረ የደረሰኝ ጥቅል የሚናገር ሱፐርቫይዘር ግን ይሰማል።

የ12,000 ብሩ ሰው

በሱ አይናደዱ፤ ስለ ገበያው ዋጋ ያለዎት ምርጥ ማስረጃ እሱ ነው። ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከውስጥ ያደገ ሰው ደመወዙ የሚሰላው በነበረበት ላይ ነው፤ የካሸር ደመወዝ ላይ በመቶኛ ተጨምሮ ሱፐርቫይዘር ይባላል። ከውጭ የሚመጣው ግን ዛሬ ገበያው በሚጠይቀው ነው የሚገባው። ዋጋ በፍጥነት ሲንር ሁለቱ ይራራቃሉ፣ ታማኙ ወደኋላ ይቀራል። ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ከታች የሚደግፍ ወለልም የለም። ልዩነቱ ብቻውን ሕግ መጣስ አይደለም። ምክንያቱ ፆታዎ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሴቶች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ማስረዳቱ ቀላል አይደለም። የሥራ መደቡን መግለጫ ጎን ለጎን አድርጎ «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን በማንም አይከለከልም።

ልዩነቱ በእጅ ስንት ነው? በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ መሠረት ከ9,500 ብር ላይ ግብሩ 1,525፣ ጡረታው በ7 በመቶ 665፣ እጅ ላይ የሚደርሰው 7,310 ብር ነው። ከ12,000 ላይ ግብሩ 2,250፣ ጡረታው 840፣ የሚደርሰው 8,910 ነው። በወረቀት 2,500 የሚመስለው በእጅ 1,600 ብር ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው በሁለት በኩል ነው። ሌላ ቦታ 11,000 ብር ቢቀርብልዎና ሁለት ታክሲ የሚያስጨምር ከሆነ ትርፉ ላይኖር ይችላል። ለድርጅቱ ደግሞ 3,000 ብር ጭማሪ፣ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ ሲጨመር 3,330 ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ለባለቤቱ ይዞ የሚወጣው ይህን ቁጥር ነውና እርስዎ ቀድመው ይወቁት።

አሁን ወደ ጥያቄው። ሁለት ጊዜ ጠይቀው «እናያለን» የተባሉት ምናልባት «ደመወዜ አነሰ» ብለው ስለጠየቁ ነው። ደመወዝ አነሰኝ የማይል ሠራተኛ የለም፤ ሥራ አስኪያጁ ያንን ወደ ላይ ይዞ የሚሄድበት እግር የለውም። የሚፈራውም እርስዎን አይደለም፤ የፈራው ለእርስዎ ከጨመረ ነገ ሌሎቹ በሩ ላይ እንዳይቆሙ ነው። «ለምን ለእሷ ብቻ?» ለሚለው መልስ ይስጡት።

ለ30 ቀን ትንሽ ደብተር ይያዙ። በየማታው አራት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ የካዝና ልዩነት በብር፣ ጊዜው አልፎ የተጣለ ዕቃ በቁጥር፣ ቀን ሙሉ ባዶ የዋለ ሼልፍ፣ ያን ቀን ያሳዩት ወይም ያረሙት ሰው። አዲስ የገባውን ወተትና እርጎ ከኋላ፣ ቀኑ የቀረበውን ከፊት ማስደርደር ብቻውን የሚጣለውን በግልጽ ይቀንሳል፤ ሳይጻፍ ግን ማንም አያየውም። የሽያጭ ሪፖርቱን ፎቶ አንስተው በስልክዎ እንዳያከማቹ ወይም ለውጭ ሰው እንዳይልኩ ይጠንቀቁ። የድርጅት ምስጢር አወጣች ተብለው ጥያቄዎ በመሃል የዲሲፕሊን ጉዳይ ይሆናል። የእርስዎ ደብተር የእርስዎን ሥራ ነው የሚመዘግበው።

ከዚያ አንድ ገጽ ይጻፉ፣ ከአንድ ገጽ አይበልጥ። የካሸርነት መደብዎ ላይ የነበረው ሥራና ዛሬ የሚሠሩት፣ ያሠለጠኗቸው ሰዎች ቁጥር፣ የ30 ቀኑ አራት ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ የሚፈልጉት ደመወዝ። ቁጥሩን ይጻፉ፤ 12,500 ይበሉ። «የሚቻለውን ያህል» ከተባለ የሚቻለው 500 ብር ነው። ጊዜውንም ይምረጡ። በፋሲካ ወይም በዘመን መለወጫ ዋዜማ ሱቅ ውስጥ ማንም ጆሮ የለውም። የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 የሚዘጋ ድርጅቶች የቀጣዩን ዓመት ደመወዝ የሚያስቡት ግንቦት ላይ ነው፤ ሐምሌ ላይ የመጣ ጥያቄ «በጀት አልተያዘም» ይባላል፣ እውነትም ሊሆን ይችላል።

ሲገቡ በቀጥታ ይጀምሩ፦ «ሃያ ደቂቃ ፈልጌ ነው። የምሠራው ሥራና የምከፈለው እንዲመዛዘን የጻፍኩት አለ፤ ያንብቡትና እንነጋገር።» ወረቀቱን ሰጥተው ዝም ይበሉ። ያነብ። ዝምታው ሲረዝም አፍዎ «ባይሆንም ግን…» ማለት ያምረዋል፤ አያድርጉት። አዲስ የተቀጠረውን በስም አያንሱ፤ «አሁን ለዚህ መደብ ድርጅቱ የሚከፍለው» ይበሉ፣ እሱም ያውቃል። «አንቺ እኮ የቤት ልጅ ነሽ» ሊባሉ ይችላሉ፤ ፈገግ ብለው «ለዚህ ነው ከሰው ሳልሰማ እዚሁ የጠየቅሁት» ይበሉ። «እናያለን» ከተባለ «መቼ ልመለስ?» ብለው ቀን ይቀበሉ፣ ያን ቀን ማታ በአጭር መልእክት ይላኩት፦ «ዛሬ ስለሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። በተባባልነው መሠረት ሰኔ 10 መልሱን እጠብቃለሁ።» ይህ መልእክት «እናያለን» ላይ ቀን ይተክልበታል።

ደመወዝ አይቻልም ተብሎ አበል ቢቀርብልዎ ምን እንደሆነ ይወቁ። የኃላፊነት አበል፣ የትራንስፖርት፣ ለጉድለት መጠባበቂያ የሚሰጠው ካሸሮች ካሽ ኢንደምኒቲ የሚሉት፣ ሁሉም ጥሩ ገንዘብ ነው። በአዋጁ ግን እንዲህ ያለ አበል ብዙ ጊዜ «ደመወዝ» ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ ኦቨርታይምዎ፣ ጡረታዎና የሥራ ስንብት ክፍያዎ የሚሰላው በድሮው 9,500 ላይ ነው። 1,500 ብር በዋናው ደመወዝ ላይ ከ2,000 ብር አበል ይሻላል ብዬ እመክራለሁ፤ ቢያንስ ግማሹ ደመወዝ ላይ ይግባ። ሁሉንም ከከለከሉ ገንዘብ የማያስወጣውን ይጠይቁ፦ እስከ ስንት ብር የተመለሰ ዕቃ ራስዎ መወሰን እንደሚችሉ፣ ፈረቃ ማቀያየር የማን እንደሆነ፣ ካሸር ፊት ውሳኔዎ እንዳይሻር። በጽሑፍ ይሁን። አልታየሁም የሚለው ስሜት አብዛኛው የሚመጣው ሥራ አስኪያጁ ወይም የባለቤቱ ዘመድ መጥቶ የከለከሉትን በፊትዎ ሲፈቅድ ነው፤ ገንዘብ ያንን አይጠግንም።

ከለቀቁ

የቀረበልዎ ሌላ ሥራ በእጅዎ ሳይኖር «እለቃለሁ» አይበሉ። አንዴ ከተባለ በኋላ ጭማሪ ቢገኝም ዓይናቸው ይለወጣል። የ2016ቱ መመሪያ ለኢትዮጵያውያን ተከልሎ የነበረውን የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ስለከፈተ፣ ሒሳብ ርክክብና ክምችት ቁጥጥር በትክክል የሚያውቅ ሱፐርቫይዘር ፈላጊው እየበዛ ይሄዳል የሚል ግምት አለኝ፤ ግምት ነው።

የቀን ሒሳብ ግን ይሥሩ። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሠራተኛ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት፣ ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለየተጨማሪው ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው። እርስዎ 7 ወር ይቀርዎታል። በ9,500 እንኳ 5 ዓመት ሲሞላ 22,166 ብር ይሆናል፣ ዛሬ ቢለቁ ግን ባዶ ነው። አዲሱ ሥራ በእጅ 1,600 ብር የሚያስጨምር ከሆነ በ7 ወር 11,200 ነው። ስለዚህ በጣም የተሻለ ካልመጣ ሰባቱን ወር መጨረስ ያዋጣል፤ የተሻለ ከመጣ ደግሞ ለስንብት ክፍያ ብለው አያምልጥዎ።

ሲለቁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ፣ ግልባጩ ላይ ያስፈርሙ። ንብረትና ገንዘብ በፍጥነት ያስረክቡ፤ ክፍያዎ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፣ በእርስዎ የርክክብ መዘግየት ምክንያት ግን ሊራዘም ይችላል። ያልተጠቀሙበት የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ይታሰባል። የሥራ ልምድ ደብዳቤው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን መያዝ አለበት፤ «ካሸር» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ፣ ሱፐርቫይዘር የሆኑበት ቀን ይግባበት። የመጨረሻውን ክፍያ ሲቀበሉ የሚፈርሙበት ወረቀት ላይ «ምንም ቀሪ ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር ካለ፣ ትርፍ ሰዓቱ ካልተከፈለ ያንን መስመር ሰርዘው ወይም «ከትርፍ ሰዓት ክፍያ በስተቀር» ብለው ጽፈው ይፈርሙ።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ካሸር ሆነው ሲገቡ ዋስ ጠርተው ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ሱፐርቫይዘር ሲሆኑም፣ ከለቀቁ በኋላም ስሙ ፋይሉ ውስጥ ነው። ክሊራንሱ (ከድርጅቱ ዕዳ ነፃ መሆንዎን የሚያሳየው ወረቀት) ላይ የዋስትና ማውረጃ ደብዳቤ እንዲጨመር በስሙ ይጠይቁና አንዱን ቅጂ ለራሱ ይስጡት።